ከሁለቱ ትምህርት ቤቶች የትኛው ይሻላል? እባካችሁ ምከሩኝ

ልጄ በቅርቡ ሁለተኛ ደረጃ ትገባለች። በገጠር ወረዳችን ያሉት የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሁለት ናቸው። ውጤታቸውን ሳወዳድር ጭራሽ ግራ ገባኝ። የትንሹ ትምህርት ቤት የማለፊያ ምጣኔ አንድ ዓመት ከፍ ይላል፣ በሚቀጥለው ያሽቆለቁላል። በኋላ ነው የገባኝ፦ ተፈታኞቹ 20 ከሆኑ አንድ ልጅ ብቻውን 5 በመቶ ነው። የአራት አምስት ዓመቱን ደምሬ ባየው ይሻላል?

ትልቁ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ሙከራና የራሱ የፊዚክስ መምህር አለው። ግን ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ነው፤ እንቅልፏን እንዳያሳጣት እሰጋለሁ። ትንሹ ጋ አንድ መምህር ሦስት ትምህርት ይይዛል፤ ሆኖም እያንዳንዱን ልጅ በስሙ ያውቃል። ይሄ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

በዚህ ያለፋችሁ ወላጆች፣ መምህራንም፣ ሄጄ ስጎበኝ መጀመሪያ ምን ልጠይቅ? መምህራን ቶሎ ቶሎ ይለቁ እንደሆነስ በምን ላውቅ?