«ባዶ ቦታ ክብደት የለውም» ያለው ማነው? ለሴፕቴምበርም ለኖቬምበርም አንድ ቦርሳ

ባለቀስት፦ ለዘንድሮ ጀማሪዎች የተለጠፈውን የኮሎራዶ ኤልክ (ትልቁ የአሜሪካ አጋዘን) አደን የዕቃ ዝርዝር አያችሁት? ተራ ቁጥር 3 እንዲህ ይላል፦ «ቦርሳ፣ 80 ሊትር። ለቀስትም ለጠመንጃም አንድ ይበቃል። ትልቁን ግዙ፣ ባዶ ቦታ ክብደት የለውም።» ይህን ያመነ ሰው በቀስቱ ወቅት፣ ሴፕቴምበር ላይ፣ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ግማሹ ባዶ የሆነ ጆንያ ጀርባው ላይ እየተንገዋለለ ኤልክ ሊጠጋ ነው። ቀስት 30 ሜትር ድረስ መቅረብ ይጠይቃል እኮ። ማን ነው የጻፈው?

የጥንቱ፦ እኔ ነኝ። ጆንያ አልተባለም፣ ቦርሳ ነው የተባለው። ደህና ማጥበቂያ ያለው ቦርሳ ሲጠብቅ 30 ሊትር ያህላል፣ ሲላላ 80 ይሆናል። ሁለት ግዙ ብዬ ጽፌ ቢሆን ደግሞ «ጀማሪውን አራቆታችሁት» ትሉኝ ነበር። ሥጋ የሚሸከም ፍሬም፣ ማለትም ጠንካራ አጽም፣ ያለው ቦርሳ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። ሁለት ጊዜ ክፈሉ ልበል?

ሚዛን፦ በቁጥር እናውራ። በዚያው ፍሬም ላይ 40 ሊትሩን ከረጢት ፈትተህ 80 ሊትሩን ብታስር ልዩነቱ ቢበዛ ግማሽ ኪሎ ነው። ክብደቱ ያለው ፍሬሙና የወገብ ቀበቶው ላይ ነው፤ እነሱ ደግሞ በሁለቱም ያው ናቸው። ጋሼ ልክ ናቸው።

ባለቀስት፦ ግማሽ ኪሎ! «ክብደት የለውም» የተባለው አንድ ሰዓት ሳይሞላው ግማሽ ኪሎ ገባ። እስከ ማታ ስንት ይደርስ ይሆን?

ሚዛን፦ ግማሽ ሊትር ውኃ ነው ወንድሜ። ጠጣውና ተገላገል።

ባለቀስት፦ ጨርቁን አይደለም የምለው። ባዶ ቦታ ሦስት ነገር ያመጣል። አንደኛ ይሞላል፤ ሰው ባዶ ኪስ ሲያይ ካልሲ ይጨምራል፣ ከካልሲው በኋላ ሁለተኛ ሹራብ ይከተላል። ሁለተኛ፣ 9 ኪሎ ዕቃ 80 ሊትር ውስጥ ሲገባ ሁሉም ወደ ታች ይወርድና መቀመጫህ ላይ ይንጠለጠላል፤ ሸክም መቀመጥ ያለበት በትከሻ አጥንቶችህ መካከል፣ ጀርባህን ተለጥፎ ነው። ሦስተኛ፣ ያ ሁሉ የተጠበቀ ጠፍር ጫፉ ይንጠለጠላል፤ ጥቅጥቅ ያለ የአስፐን ቁጥቋጦ ውስጥ እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ይይዘዋል። ቦርሳው ከነዚያ ፕላስቲክ ከሚመስሉ ውኃ ከማያስገቡ ጨርቆች የተሠራ ከሆነማ ተወው፣ ሲታጠፍ ሲንኮሻኮሽ ኤልኩ ካንተ ቀድሞ ይሰማል።

የበረዶ ልጅ፦ እናንተ ሴፕቴምበርን ብቻ ነው እንዴ የምታውቁት? አራተኛው የጠመንጃ ወቅት ኖቬምበር ማለቂያ ላይ ነው፣ ሌሊቱ ከዜሮ በታች 15 ይወርዳል። የአንድ ቀን ዕቃ ልዘርዝርላችሁ፦ ወፍራም የላባ ጃኬት፣ በጫማ ላይ የሚጠለቅ የላባ ሱሪ፣ ቅያሪ የውስጥ ልብስ፣ ጣት ያልተለየለት ጓንት፣ ምድጃና ጋዝ፣ የመቀመጫ ስፖንጅ፣ ከጫማ ሥር የሚታሰር የበረዶ ጥርስ፣ ስፖቲንግ ስኮፕ (የሩቅ ማያ መነጽር) ከነማቆሚያው። የሥጋ ከረጢት፣ ቢላዋና ባትሪ ያው አሉ። ይሄ 45 ሊትር በደንብ ይሞላል። በሴፕቴምበር የቀን ዕቃ ግን 25 ይበቃዋል። ማደር ከጨመርክበት ከዜሮ በታች 18 የሚችል ስሊፒንግ ባግ ብቻውን 20 ሊትር ገደማ ይበላል። ለኖቬምበር 80 ራሱ አይበቃም ባይ ነኝ።

አዲስ ገቢ፦ ጃኬቱን ለብሶ መሄድ አይቻልም? ለምን ቦርሳ ውስጥ ይገባል?

የበረዶ ልጅ፦ ለብሰኸው ዳገት ከወጣህ በላብ ታረጥበዋለህ፣ ላባ ከረጠበ ደግሞ አያሞቅም። በስስ ልብስ እየበረደህ ትወጣለህ፣ ጫፍ ደርሰህ ከመቀመጥህ በፊት የረጠበውን ትቀይራለህ፣ ከዚያ ነው ላባው የሚደረበው። ሌላም አለ፦ የወገብ ቀበቶ በሚያዳልጥ ወፍራም ጃኬት ላይ አይቆምም፣ ይንሸራተታል፤ ሸክሙ በሙሉ ትከሻህ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ በኖቬምበር ቦርሳው የልብስ ሳጥን ነው። ውኃ በቱቦ የሚጠባውንም እቤት ተወው፣ ቱቦው መጀመሪያ ይቀዘቅዛል። ሰፊ አፍ ያለው ጠርሙስ ገልብጠህ ያዝ፤ በረዶው ከላይ ስለሚጀምር ክዳኑ ወደ ታች ከሆነ ይከፈታል።

የጥንቱ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ 80።

ባለመርፌዋ፦ ቆይ ቆይ፣ ነገሩን ገለበጣችሁት። ኖቬምበር ላይ ማን ነው ጫካ የሚያድረው? ኤልኩ በረዶ ሲከመር ከ3,300 ወደ 2,300 ሜትር ይወርዳል፣ መንገድ ይጠጋል። አብዛኛው ሰው ሞቴል ወይም መኪናው አጠገብ ትልቅ ድንኳን ውስጥ አድሮ በቀን ነው የሚወጣው። ቤቱን ተሸክሞ አምስት ቀን የሚገባው የቀስቱ አዳኝ ነው፤ ድንኳን፣ ስሊፒንግ ባግ፣ ምንጣፍ፣ በቀን 800 ግራም ምግብ፣ 60 ሊትር አካባቢ። ቦርሳን የሚያሰፋው ብርዱ ሳይሆን አዳሩ ነው። ባለቀስት በትንሽ ቦርሳ የሚከራከረው እሱ ማታ ማታ መኪናው ጋ ስለሚመለስ ነው።

ባለቀስት፦ መኪናዬን ከዚህ ምን ዶላት?

ባለመርፌዋ፦ ዝርዝሩ ወቅት ብቻ ነው የሚጽፈው፣ «ታድራለህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። መኪናህ የዶለችው ለዚህ ነው።

ፊሌቶ፦ ሁላችሁም ስለ ልብስ ታወራላችሁ። ቦርሳ የሚገዛው ለሥጋ ነው፣ ሥጋ ደግሞ ከረጢቱ ውስጥ አይገባም! በፍሬሙና በከረጢቱ መካከል መደርደሪያው አለ፣ እዚያ ላይ ይታሰራል። ሴፕቴምበር ላይ ትኩስ ታፋ ውኃ በማያስገባ ናይለን ውስጥ ከዘጋህ እያፈንከው ነው። ቆዳው ወዲያው ይገፈፋል፣ አየር በሚያስገባ የሥጋ ከረጢት ይሆናል፣ ጥላ ውስጥ ይሰቀላል። ታፋ ከዳሌው መጋጠሚያ፣ ከአጥንቱ ጥግ ነው መበላሸት የሚጀምረው፤ ውጭው ደርቆና አምሮ ውስጡ ይሸታል። ስለዚህ 40ም ሆነ 80 ሊትር ለሥጋው ያው ነው። ጥያቄው ፍሬሙ 35 ኪሎ ሳይጎብጥ ይይዛል ወይ ነው።

የጥንቱ፦ ሥጋው ውጭ ከታሰረ የያዝከው ዕቃስ የት ይሄዳል? 40 ሊትሩ እኮ ሞልቷል።

ፊሌቶ፦ ጋሼ፣ የሥጋውን ሒሳብ ይስሩት። ካደገ ወንድ ኤልክ ያለ አጥንት ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሥጋ ይወጣል። 90 እንበል። በ30 ኪሎ ሦስት ምልልስ ነው። መኪናው 5 ኪሎ ሜትር ላይ ከሆነ ሦስት ጊዜ ተሸክሞ መውጣት፣ ሁለት ጊዜ ባዶ መመለስ፣ 25 ኪሎ ሜትር። ቀንዱና ድንኳኑ ሳይቆጠር። ዕቃው ከመጨረሻው ዙር ጋር ይወጣል፣ ማንም በመጀመሪያው ዙር ሁሉንም አይሸከምም።

ሚዛን፦ ዝርዝሩ ላይ መጻፍ ያለበት ሊትር ሳይሆን ኪሎ ሜትር ነው በለኛ። በሙቀት ብቻህን 5 ኪሎ ሜትር ገብተህ ከገደልክ ሦስተኛው ዙር ሳይደርስ ሥጋው ይበላሻል። የኮሎራዶ ሕግ ደግሞ ቢያንስ አራቱን እግር፣ ሽንጡንና ፊሌቶውን ለምግብ እንድታተርፍ ያስገድድሃል። «ቦርሳዬ አነሰ» ብሎ ለአደን ተቆጣጣሪው ማስረዳት አይቻልም።

ባለቀስት፦ አጥንቱን አውጥቶ መሸከም ነዋ። ከታፋው ላይ ኪሎዎች ይቀንሳል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል።

ፊሌቶ፦ አጥንት የወጣለት ሥጋ ሊጥ ነው። መደርደሪያው ላይ ከላይ አስረኸው 500 ሜትር ሳትሄድ ታች ወርዶ ቂጥህ ላይ ተቀምጧል። አጥንት ያለው ታፋ ቀጥ ብሎ ይታሰራል። የግድ ካወጣህ ከሥሩ የስሊፒንግ ባግህን ደግፍ፣ ጠፍሩን በኤክስ አጥብቅ። የፆታ ማስረጃውም፣ ወንድ ወይም ሴት መሆኑን የሚያሳየው አካል፣ በተፈጥሮው ከአንዱ ሥጋ ጋር እንደተያያዘ መቅረት አለበት። አጥንት አወጣለሁ ብለህ ቆርጠህ ጥለኸው ጣጣ እንዳታመጣ።

ባለቀስት፦ ሴፕቴምበር ላይ ከአጥንቱ ጋር ተሸክመህ ዳሌው ላይ ሲሸት እናያለን።

ፊሌቶ፦ መጋጠሚያውን በቢላዋ ከፈት አድርጎ ማናፈስ የሚባል ነገር አለ። ሥጋ ቤት ስትሄድ ጠይቅ።

የጥንቱ፦ ወደ ቁጥር 3 ተመለሱ እባካችሁ።

ባለመርፌዋ፦ እመለሳለሁ ጋሼ፣ ግን ሊያስቆጣዎት ይችላል። ቁጥር 3 ላይ የጀርባ ልክ አልተጠቀሰም። አንገት ወደ ፊት ሲዘነበል ከሚወጣው አጥንት ተነስቶ እስከ ዳሌ አጥንት ጫፍ ይለካል። ፍሬሙ ከትከሻ በላይ ካልወጣ ላይኞቹ ሳቢ ጠፍሮች ወደ ላይ ማዘንበል አይችሉም፣ ጠፍጣፋ ይሆናሉ፤ ያኔ 30 ኪሎው ትከሻ ላይ ነው የሚያርፈው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ85 የሆነ ሰው አጭር ፍሬም ከገዛ 200 ሊትር ከረጢት ቢያስርበትም ዋጋ የለውም። ቀበቶውም በስስ ልብስም በወፍራምም የሚጠብቅ ትርፍ ሊኖረው ይገባል፤ በቲሸርት ጫፉ ድረስ ከጠበቀ ያ ቀበቶ ሰፍቶብሃል ማለት ነው።

የጥንቱ፦ አልቆጣም ልጄ፣ ይጨመራል። ሊትሩ ግን ይቆያል።

ሚዛን፦ ሊትሩም ቢሆን ችግር አለበት። አምራቹ በኪዩቢክ ኢንች ነው የሚጽፈው፤ አንድ ሊትር 61 ነው፣ 80 ሊትር ወደ 4,900 ይመጣል። ከዚያ አንዱ ክዳኑንና የውጭ ኪሶቹን ይደምራል፣ ሌላው ዋናውን ከረጢት ብቻ ይቆጥራል። የሁለት አምራች 4,900 አንድ አይደለም።

ባለቀስት፦ እንግዲህ የጋሼ ባዶ ቦታ ክብደት ብቻ ሳይሆን መጠኑም አይታወቅም።

የጥንቱ፦ አንተ ሰውዬ፣ ያችን አንዲት ቃል ይዘህ ልትቀበር ነው?

የበረዶ ልጅ፦ ብርቱካኑን ረስታችሁታል! በጠመንጃ ወቅት ከወገብ በላይ 500 ስኩዌር ኢንች የሚያበራ ብርቱካንማ ወይም ሮዝ መልበስ ግዴታ ነው፣ ከዚያ ውስጥ አንዱ ከየአቅጣጫው የሚታይ ባርኔጣ መሆን አለበት። 80 ሊትር የጫካ ቀለም ቦርሳ የሰደርያህን ጀርባ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። ከኋላ የሚያይህ ሰው ባርኔጣህን ብቻ ነው የሚያየው፤ ቀንድ ካሰርክበት ደግሞ አስበው። ብርቱካንማ የዝናብ ሽፋን ቦርሳው ላይ አልብሱ። ለቀስቱ ወቅት ይውለቅ።

ፊሌቶ፦ ለዚህ ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር አለመኖሩ ያሳፍራል።

የጥንቱ፦ ቁጥር 7 ላይ አለ። ማን ያነባል! ሁላችሁም ቁጥር 3 ላይ ተቸንክራችኋል።

ባለመርፌዋ፦ ቁጥር 7ን አየሁት፣ «ብርቱካንማ ልብስ» ነው የሚለው። ቦርሳው ልብሱን እንደሚሸፍነው አይናገርም።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ አራተኛው ወቅት ላይ የገደለ ሰው ጾሙስ? የነቢያት ጾም ይገባል አይደል?

ፊሌቶ፦ ወቅቱ ሲያልቅ ኅዳር 15 ይገባል፣ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ገናን ይጠብቃል። የቀስቱ ሰው ግን መስቀልን በኤልክ ያከብራል። ቀስት የሚሻለው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ባለቀስት፦ እዚህ ላይ ብቻ?

ሚዛን፦ ወደ ቦርሳው። ሐሳብ ላቅርብ፦ አንድ ፍሬም፣ ሁለት ከረጢት። ለሚያድር 80፣ በቀን ለሚመላለስ 40። ብዙ አምራቾች ከረጢቱን ለብቻው ይሸጣሉ፣ ከሙሉ ቦርሳ በብዙ ይረክሳል። ጀማሪ መጀመሪያ የሚያድርበትን ወስኖ አንዱን ይግዛ፣ ሌላውን በዓመቱ።

የጥንቱ፦ ጀማሪ የሚያድርበትን አያውቅም። ለዚህ ነው ትልቁን ያልኩት። የበዛ ይጠብቃል፣ ያነሰ አይሰፋም።

ባለቀስት፦ የሚያድርበትን የማያውቅ ሰው ገና ካርታ አላየም፣ ቦርሳ ለምን ይገዛል?

ባለመርፌዋ፦ ከመግዛቱ በፊት ይሞክረው። ባለ 25 ፓውንድ የጤፍ ዱቄት ሁለት ከረጢት መደርደሪያው ላይ ይሰር፣ 50 ፓውንድ ማለት 23 ኪሎ ገደማ ነው። ዱቄት እንደ አጥንት አልባ ሥጋ ይወርዳል፣ ትክክለኛ ፈተና ነው። አንድ ሰዓት ዳገት ይውጣ። ትከሻው ከተቃጠለ ፍሬሙ አጥሯል፣ ወይም ቀበቶው ከዳሌው አጥንት በታች ወርዷል። ከዚያ ባዶውን አጥብቆ ይዞር፣ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ባለቀስት ትክክል ነው።

ፊሌቶ፦ ጤፉን በሁለት ፕላስቲክ ጠቅልሉት፣ የዱቄት ከረጢት ወረቀት ነው፣ በጠፍር ይቀደዳል።

ባለቀስት፦ «ባለቀስት ትክክል ነው» የሚለው ይጻፍልኝ።

የጥንቱ፦ «የሚንኮሻኮሽ ከሆነ» ነው ያለችው። ቁጥር 3 እንዳለ ነው። የጀርባ ልኩን ማታ እጨምራለሁ።

ባለቀስት፦ «ክብደት የለውም» የሚለውንስ?

የጥንቱ፦ እሱን አልነካውም።