የኦንላይን ሰርተፍኬት ይዘን «ዋናውን አምጡ» ስንባል ምን እናቅርብ?

የመንዝ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ። ታናሽ እህቴ በ5 ሚሊዮን ኮደሮች (በኦንላይን የኮዲንግ ሥልጠና ፕሮግራሙ) ሁለት ኮርስ ጨርሳለች፣ ሰርተፍኬቶቹንም በፒዲኤፍ አውርደናል። ደብረ ብርሃን የወጣው የሥራ ማስታወቂያ ግን «ዋናውንና ፎቶ ኮፒውን ይዘው በአካል ይቅረቡ» ይላል። ከኢንተርኔት ለወረደ ነገር ዋናው የቱ ነው? ስማርት ስልክ የላትም፤ አካውንቱም የተከፈተው በእኔ ኢሜይል ነው። ሰርተፍኬቱ ላይ የእሷና የአባቷ ስም ብቻ አለ፣ ፋይዳዋ ላይ የአያትም አለ። ከመሐል ሜዳ ወርዳ በባዶ እንዳትመለስ ብዬ ነው።

ሰው ሀብት፦
ወንድሜ፣ ዋናው ሰርተፍኬቱ ላይ ያለው የማረጋገጫ ሊንክ ነው። ፕሪንቱ ማኅተም ቢመታበትም ኮፒ ነው። መጀመሪያ ስሙን አስተካክሉ፦ ሰርተፍኬቱ ስም የሚወስደው ከአካውንቱ ስለሆነ፣ ፋይዳው ላይ ባለው የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ፊደል በፊደል ሦስቱንም አስገቡ። የወጣው ሰርተፍኬት ላይ ካልተቀየረ ለፕሮግራሙ ድጋፍ ክፍል ጻፉ። አንድ ፊደል ሲጎድል «የሌላ ሰው ነው» የሚል መዝጋቢ አይጠፋም።

ማስታወቂያው የቴክኒክና ሙያ ደረጃ 3 ወይም 4 ከሲኦሲ (ከሙያ ብቃት ምዘና ማረጋገጫ) ጋር የሚል ከሆነ ግን አትድከሙ፤ ይህ ሰርተፍኬት ሲኦሲን አይተካም። ፋይዳም ማንነትን እንጂ ትምህርትን አያረጋግጥም። ባለ 12 አሃዙን የፋይዳ ቁጥር ደግሞ ሲቪ ላይ አትጻፉት።

ህትመት ቤት፦
ፒዲኤፉን ለማተሚያ ቤት በቴሌግራም ስትልክ በፋይል ላከው። በፎቶ ከሄደ ይጨመቅና ጽሑፉም ኪውአር ኮዱም ይደበዝዛል። ስክሪንሾትማ ጭራሽ አይሁን።

የመንዝ ልጅ፦
አመሰግናለሁ። ኪውአር ኮድ ግን የለውም፣ ረጅም ሊንክ ብቻ ነው።

ህትመት ቤት፦
እንግዲያው ከሊንኩ ኪውአር ኮድ ይሠራለታል፣ በነፃ። «ዳይናሚክ» የሚባለውን አትምረጥ፤ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ ሊዘጋ ይችላል፣ መርማሪውንም በሌላ ድረ ገጽ አዙሮ ነው የሚወስደው። ሊንኩን ራሱን የሚይዘው «ስታቲክ» ይሁን። ሲታተም ከ2 በ2 ሳንቲ ሜትር አይነስ፣ ዙሪያው ነጭ ይተው፣ እጥፋት አይረፍበት። ሊንኩ በጣም ከረዘመ ነጠብጣቦቹ ስለሚደቁ ኮዱን ሰፋ አድርገው። ላሚኔት አታስደርገው፣ መብራት ሲያርፍበት ካሜራ ላያነበው ይችላል። ከኮፒ ላይ ኮፒ ከማንሳት ሁለት ሦስት ፕሪንት ማውጣት ይሻላል። ከሱቁ ሳትወጣ በሌላ ሰው ስልክ አስነብበው።

ሸዋ ሮቢት፦
ሁላችሁም የረሳችሁት የእህቱን ስልክ ነው። አካውንቱ በወንድም ኢሜይል ከሆነ ነገ የይለፍ ቃል ሲጠፋ እሷ ምንም ማድረግ አትችልም። በስሟ ኢሜይል ይከፈት፣ አካውንቱም ወደዚያ ይዛወር፣ የመልሶ ማግኛ ቁጥሩ የራሷ ሲም ይሁን።

ቀጣሪዎችም አመልካቹን «ስልክህን አውጣና አሳየኝ» ማለት የለባቸውም። በቢሮው ስልክ ይመርመሩ፣ ሲከፈትም የድረ ገጹን አድራሻ ይዩ፤ ተመሳስሎ የተሠራ ገጽ ያምራል፣ አድራሻው ግን ሌላ ነው። ኔትወርክ ከሌለ ፕሪንቱን ተቀብሎ በኋላ ማጣራት እንጂ ሰው መመለስ ምን የሚሉት አሠራር ነው?

ፋይዳዋም የተመዘገበው በማን ቁጥር እንደሆነ ጠይቃት። በአንተ ከሆነ፣ ደብረ ብርሃን ላይ በፋይዳ ሲያረጋግጧት የይለፍ ኮዱ የሚመጣው መሐል ሜዳ አንተ ጋ ነው። ከመሄዷ በፊት ወደ ራሷ ቁጥር ታስቀይር፤ ኮዱ በኤስኤምኤስ ስለሚላክ ባለ ቁልፍ ስልክም ይበቃታል።