ደቢያን አባልነት ላመልክት ነው፤ በጥገኝነት ወረቀት ቁልፍ ይፈረምልኛል?

ከፍራንክፈርት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ደቢያን በተባለው፣ በጎ ፈቃደኞች በሚሠሩት ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓት ላይ በፈቃደኝነት ስሠራ ቆይቻለሁ፤ ፓኬጆች (ለመጫን የተዘጋጁ ፕሮግራሞች) እይዛለሁ፣ የአማርኛ ትርጉምም አግዛለሁ። አሁን ሙሉ አባልነት ላመልክት ነው። ለዚህ የጂፒጂ ቁልፌን፣ ማለትም ሥራዬ የእኔ መሆኑን የማረጋግጥበትን ዲጂታል ፊርማ፣ በተለመደው አሠራር ሁለት ነባር አባላት በአካል አግኝተውኝ፣ መታወቂያዬን አይተው ሊፈርሙበት ይገባል። ፓስፖርቴን ግን ጥገኝነት ስጠይቅ ባለሥልጣናቱ ተረክበውኛል። በእጄ ያለው የጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ መረጃው ባለቤቱ በሰጠው ቃል የተሞላ ነው የሚል ማሳሰቢያ አለ። በዚያ ላይ የቤተሰብ ስም ብለው የአያቴን ስም አስገቡት፣ እኔ ሥራዬን የምፈርመው በአባቴ ስም ነው። ሌላ አገር ጉባኤ ሄጄ እንዳላስፈርም መውጣት አልችልም። ያለፈበት ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ።

ከስቶክሆልም፦ አይዞህ ወንድሜ፣ እኔ አልፌበታለሁ። መጀመሪያ ሥራህን የሚያውቅ አባል ይመሰክርልሃል። ከዚያ ማመልከቻህን የሚከታተል ሰው ይመደብና ደቢያን ለተጠቃሚዎቹ ስለገባው ቃል (ማኅበራዊ ውሉ)፣ ስለ ነፃ ሶፍትዌር መመሪያው፣ ስለ ፓኬጅ አሠራሩ ይጠይቅሃል። የመጨረሻ ውሳኔው አባላትን የሚቀበሉት የደቢያን አካውንት ኃላፊዎች ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ አትቸኩል። ፓኬጅ ወደ ደቢያን ማስገባት ሳይፈቀድልህ በትርጉም ሥራ ብቻም አባል መሆን ይቻላል፣ ድምፅም ትሰጣለህ። ወረቀቱን አምኖ መፈረም የፈራሚው ፈንታ ነው፣ ስለዚህ አብሮህ የሠራ ሰው ፈልግ። ጥብቅ ናቸው ብለህ ግን አትቀየም። በ2024 (እ.ኤ.አ.) ኤክስዚ በተባለው፣ ፋይል በሚያሳንሰው ነፃ ፕሮግራም ላይ የሆነውን ታውቃለህ። ጂያ ታን በሚል ስም የገባው ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በትሕትና ሠርቶ ከታመነ በኋላ ነው የኋላ በር፣ ማለትም በስውር መግቢያ የሚሆን ኮድ፣ የከተተው። የደቢያን የሙከራ እትም ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር። አንድረስ ፍሮይንድ የተባለ የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ከሩቅ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባበት የኤስኤስኤች መግቢያ በግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ባይፈትሽ ኖሮ ስንት ሰርቨር በተበላ!

ከአምስተርዳም፦ ይሄ ምሳሌ እኮ ለእሱ ነው የሚከራከርለት። ያ ሰው ማን እንደሆነ ዛሬም አልታወቀም። እንዲህ የተዘጋጀ ሰው ፓስፖርት አምጣ ቢባል አስመስሎ ያሠራል። ስደተኛው ግን እውነተኛ ሰው ሆኖ ሳለ በወረቀት ምክንያት በር ላይ ይቆማል። ልጁ የሠራው ሥራ በሙሉ በአደባባይ አለ፣ እሱን ይዩ።

ከሪያድ፦ ቆይ፣ ይሄ ሁሉ በነፃ ነው? እኔ እዚህ የሰው ቤት እየጠረግኩ በየወሩ ለእናቴ እልካለሁ። ወንድሜ፣ አንተ ቤተሰብ የለህም?

ከፍራንክፈርት፦ አለኝ እህቴ። ታላቅ ወንድሜም በደወለ ቁጥር የሚለኝ ይሄንኑ ነው፣ "ሰው አገር ሄደህ በነፃ ትለፋለህ?" መጋዘን ገብቼ ከማገኘው እልካለሁ። ደቢያን የማታ ሥራዬ ነው። ካምፑ ውስጥ ቀኑ አልመሽ ሲለኝ የያዘኝ እሱ ነው።

ከስቶክሆልም፦ እህቴ፣ እኔ አሁን ያለሁበትን ሥራ ያገኘሁት በዚሁ ነፃ ሥራ ነው። ቀጣሪው የሠራሁትን አይቶ ነው የጠራኝ።

ከሪያድ፦ አንተ ወረቀት ይዘህ ነው የተቀጠርከው። እሱ ወረቀት የለውም። እናቱ ደግሞ እስኪቀጠር ድረስ መብላት አለባት።

ከአምስተርዳም፦ ኧረ እልካለሁ አለሽ እኮ! ማታ የሚሠራውንም ልንቆጥርበት ነው?

ከሪያድ፦ እኔ አልቆጠርኩበትም። ለእሱ አዝኜ ነው። የሚለፋበት ቦታ ስሙን እንኳ አልቀበልም ካለው ለማን ነው የሚለፋው?

ከፍራንክፈርት፦ ገና አልተከለከልኩም እኮ። ስቶክሆልም፣ የስሙን ነገር ግን ዘለልከው። ቁልፉ ላይ ሁለቱንም ስም ላስገባ ወይስ ወረቀቱ እስኪስተካከል ልጠብቅ?