ለመልስ ኪልት ልለብስ ነው፤ ከላይ ምን፣ ከእግር ምን?

የጣና_ዳር_ልጅ፦

ሰላም ወገን። ጉዳዬ ትንሽ ወጣ ያለ ነውና ሳትስቁ አንብቡልኝ። ከሳቃችሁም ስቃችሁ ስታበቁ መልሱልኝ።

የሥራ ባልደረባዬ የስኮትላንድ ሰው ነው። ጥር ላይ የደብረ ማርቆስ ልጅ ያገባል፣ እኔ ሚዜ ነኝ። የሰርጉ ቀን ሙሉ ሱፍ ነው፣ እሱ ያለቀ ነገር። ጣጣው መልሱ ላይ ነው። መልስ ላይ ሁሉም ሰው የባህል ልብስ ስለሚለብስ «እኔም የአገሬን እለብሳለሁ፣ አንተም እንደኔ ለብሰህ ከጎኔ ትቀመጣለህ» አለኝ። ትርፍ ኪልት አለው፣ ያ የስኮትላንድ ወንዶች የሚለብሱት ባለመስመር ሽንሽን ጉርድ፤ ሥዕሉ ብላክ ዋች የሚባለው፣ ጥቁር ሰማያዊና አረንጓዴ። እኔም ሞቅ ብሎኝ እሺ አልኩ።

አሁን ምን ከምን ጋር እንደሚሄድ ግራ ገብቶኛል። ኢንተርኔት ላይ ያለው ሁሉ ወይ የወታደር ባንድ ነው ወይ ቤተ መንግሥት የሚገባ የሚመስል። መልሱ ከቀኑ 10 ሰዓት ገደማ ተጀምሮ እስከ ማታ ይሄዳል፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሽማግሌም ወጣትም አለ። እጅግ የተከበረ ግብዣም አይደለም፣ እንደፈለጉ የሚኬድበትም አይደለም። ጃኬቱ ምን ዓይነት ይሁን? ፓፒዮን ነው ከረባት? ያ ፊት ለፊት የሚንጠለጠለው ቦርሳ ግዴታ ነው? ካልሲው የግድ ነጭ ነው? ቢላዋውስ? ከላይ ኩታ ብደርብ ነውር ይሆን? ቡናማ የቆዳ ጫማ አለኝ፣ ሌላ ባልገዛ ደስ ይለኛል። ሙሽራው ራሱ ስለ ልብስ ብዙም አይጨነቅም፣ «ደስ ያለህን አድርግ» ነው መልሱ።

ከዳንግላ_ግላስጎው፦

ወንድምዓለም፣ እኔ ግላስጎው ነው የምኖረው፣ እዚህ ኪልት የሌለበት ሰርግ ማየት ይከብዳል። ስለዚህ አንድ በአንድ ልንገርህ።

መጀመሪያ ፕሪንስ ቻርሊ የሚባለውን ጃኬት እርሳው። አጭሩ፣ ከኋላ ጭራ ነገር ያለው፣ የብር ቁልፍ የተደረደረበት። እሱ የምሽት ልብስ ነው፣ ከፓፒዮን ጋር የሚሄድ። በ10 ሰዓት ፀሐይ ድንኳን ውስጥ ለብሰኸው ብትቀመጥ የሆቴል አስተናጋጅ ነው የምትመስለው፣ አንዱ ተነስቶ ጠላ ቅዳልኝ ቢልህ አይገርመኝም። ላንተ የሚሆነው አርጋይል የሚሉት ነው፣ ቀለል ያለ፣ ቀን ከተለበሰ ማታም የሚያስኬድ። ከውስጡ ሰደርያ፣ ከዚያ ተራ ከረባት። ጨርቁ ትዊድ፣ ማለትም ወፍራሙ የሱፍ ጨርቅ፣ ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ፤ ብላክ ዋች ጥቁር ስለሆነ ቡናማ ወይም ግራጫ ትዊድ ያነሳዋል። ሰደርያ ካደረግህ ቀበቶ አታድርግ፣ ሆድህ ላይ ተደራርቦ ያብጣል። ሰደርያ ከሌለ ነው ሰፊው ቀበቶ የሚመጣው።

ቦርሳው ስፖራን ይባላል። ኪልት ኪስ የለውም፣ ስለዚህ ለጌጥ ብቻ አይደለም። ሦስት ዓይነት ነው የምታገኘው፦ ሙሉ ቆዳ የሆነው ለቀን፣ ፊቱ ብቻ ፀጉር ያለበት መሀለኛው፣ ላዩ በብር የተሠራና ፀጉሩ የበዛው ለማታ ግብዣ። ጫማህ ቡናማ ከሆነ ቡናማ የቆዳውን ያዝና ነገሩን ጨርስ። ከሰደርያው ጫፍ አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል። ሲወርድ ስትራመድ ያላትምሃል፣ ሲወጣ ደግሞ ሆድ ላይ የተለጠፈ ይመስላል። አዝማሪ ስትሸልም የብሩ ቦታ እሱ ነውና ቀድመህ ዘርዝረህ ግባ።

ነጭ ካልሲ ግዴታ አይደለም። ለኪራይ የሚሰጡት ነጩን ስለሆነ ነው ሁሉም ሰው ላይ የምታየው። እኔ ጥቁር አረንጓዴ ወይም ግራጫ እመርጥልሃለሁ። ካልሲው ከጉልበት በታች ሁለት ሦስት ጣት ላይ ይታጠፋል፣ ከእጥፋቱ ስር ላስቲክ ይታሰርና ፍላሽ የሚሏት ትንሽ ባለቀለም ጨርቅ ወደ ውጭ በኩል ብቅ ትላለች። ጊሊ ብሮግስ የሚባለው ማሰሪያው ቁርጭምጭሚት ላይ የሚጠመጠመው ጫማ ሳይኖርህም ይሆናል። ያንተው ቡናማ ይበቃል፣ ብቻ ቀለም ቀባው።

ቢላዋዋ ስኪያን ዱ ነው የምትባለው፣ የቀኝ ካልሲ ውስጥ ትሰካለች፣ እጀታዋ ብቻ ይታያል። ተዋት። ከባሕር ዳር ማርቆስ ስትሄድ ፍተሻ አለ፣ ካልሲህ ውስጥ ስለት ተገኝቶ ባህል ነው ብለህ ስታስረዳ እኔ ታየኝ። ያለሷም ኪልት ሙሉ ነው።

እቴ_የማርቆስ፦

እኔ ስለ ጃኬቱ አላውቅም፣ ስለ ድንኳኑ ግን አውቃለሁ 😂 መልስ ላይ ሚዜ የሚቀመጠው ፊት ለፊት፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ፣ ዝቅ ባለ ሶፋ ነው። እማማዎቹ ደግሞ ከታች ፊት ለፊትህ። ገባህ? ስትቀመጥ የኋላውን ሽንሽን በእጅህ ጠረግ አድርገህ ከስርህ አስተካክለህ ነው የምትቀመጠው፣ እኛ በቀሚስ እንደምናደርገው። ጉልበትህን ገጥመህ ቁጭ በል፣ ቦርሳው መሀል ላይ ይውደቅ። እንደለመድከው እግርህን ከፍተህ ከተንሰራፋህ የመልሱ ወሬ ሙሽሮቹ ሳይሆኑ አንተ ትሆናለህ።

ከውስጥ ምንም አይለበስም የሚሉትን ፈረንጅ አትስማ። ያችን የጎጃሟን ቁምጣ አጠር ያለችውን ከውስጥ ልበስ። ጭፈራው ሲሞቅ ቁጢጥ ማለት አለ፣ መዞር አለ፣ መዝለል አለ። እስክስታው ብቻ ቢሆን ትከሻ ነው፣ ማንም አይሞትም ነበር። ስትነሳ ቦርሳውን ወደ ጎን አዙረው።

እና ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ፕሮግራም ካለ በሱሪና በነጠላ ሂድ። ኪልቱ ለድንኳኑ ይቆይ። እዚያ ለማንም ሰው ማስረዳት የለብህም።

ሁልጊዜ_ቁምጣ፦

ኧረ ወንድሜ ምን አስጨነቀህ? የኛ አረንጓዴ ቁምጣ፣ ጋቢና ዱላ እያለ የሰው አገር ጨርቅ ምን ያደርግልሃል። ሙሽራውንም ቁምጣ አልብሱት። ደግሞ የነሱ ኪልት ሥዕሉ በጎሳ ነው ይባላል፣ የማታውቀውን ጎሳ ለብሰህ ብትገኝስ?

ከዳንግላ_ግላስጎው፦

@ሁልጊዜ_ቁምጣ ቁምጣውን በሰርጉ ማግስት ሙሽራው ይልበሳት፣ እኔም እደግፋለሁ። ግን ሰውዬው በሰው አገር ብቻውን ሆኖ የአገሬን ልልበስ፣ አንድ ሰው ከጎኔ ይሁን አለ። ሚዜነት ማለት ይኸው ነው።

የጎሳውን ነገር ብዙ ሰው ይፈራዋል። የሚከለክል ሕግ የለም። ብላክ ዋች ደግሞ የወታደር ክፍል ስም ነው፣ ማንም ቢለብሰው ምንም የማይባል ነው፤ ሙሽራው አስቦበት ይሆናል የሰጠህ። በነገራችን ላይ አንድ ጊዜ ራሱ ኪልቱ ተከልክሎ ነበር። በፈረንጆቹ 1746 ላይ፣ እዚሁ ስኮትላንድ ከተደረገው የኩሎደን ጦርነት በኋላ፣ የብሪታንያ መንግሥት የስኮትላንድን ደጋ ሰው ልብስ በሕግ አገደ፣ እስከ 1782 ድረስ። በኋላ 1822 ንጉሡ ጆርጅ አራተኛ ራሱ ኪልት ለብሶ ኤድንብራ ታየ። አሁን የምናየው ሽክ ያለው አለባበስ ብዙው ከዚያ ወዲህ የተሽሞነሞነ ነው።

የድሮው ደግሞ እንደ ጋቢ ነው። አንድ ረጅም የሱፍ ጨርቅ መሬት ላይ ዘርግተው፣ ሸንሽነው፣ በቀበቶ ታጥቀው የተረፈውን ትከሻ ላይ ይጥሉታል። ማታ ያንኑ ፈትተው ይተኙበታል። ለጎዛምን ገበሬ ይህንን ብትነግረው አዲስ ነገር አይሆንበትም። የልጅቷ አባት ከጠየቁህ ከዚህ ጀምርላቸው፣ «ጋቢያቸው ነው» በላቸው።

የጣና_ዳር_ልጅ፦

እናንተ ሰዎች እግዜር ይስጥልኝ። ቁምጣዋን ከውስጥ የምትለዋን ተቀብያለሁ 😅 ግን ትዊድ አርጋይል ከየት ላምጣ? ሙሽራው ትርፍ ጃኬት የለውም። የሱፌን ኮት ሞክሬው ኪልቱን ግማሽ ሸፈነብኝ፣ አጭር ቀሚስ የለበስኩ ነው የመሰልኩት። የኩታውንም የመለሰ የለም።

መርፌና_ክር፦

የሱፍ ኮት አይሆንም፣ ረጅም ነው። የኪልት ጃኬት ከዳሌ ከፍ ብሎ ነው የሚያልቀው፣ ፊቱም ለስፖራኑ ቦታ ለመልቀቅ ክብ ሆኖ ይቆረጣል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ማርቆስ። ሳልባጅ ውረድና ወፍራም የሱፍ ጨርቅ ኮት ፈልግ፣ ቡናማ ወይ ግራጫ፣ ትከሻው ልክ የሆነህን። ርዝመቱን ተወው፣ እሱን እኛ እንቆርጠዋለን። ትከሻውን ግን ማንም አያስተካክልልህም። ስትመርጥ የታችኛውን ኪስ እይ። ኪሱ ዝቅ ያለ ከሆነ ስንቆርጥ መቀስ ውስጥ ይገባል፣ ከፍ ያለ ወይም ላዩ ላይ የተለጠፈ ኪስ ያለውን ከወሰድህ ፈትተን ወደ ላይ እንሰፋዋለን። ከተቆረጠው ጨርቅ ሰደርያ አይወጣም፣ ሰደርያውን ከሌላ ጨርቅ አሠራ፣ የግድ መመሳሰል የለበትም።

ኪልቱንም ለክተህ እይ። የሰው ልብስ ነው። የሚታሰረው ሱሪ በሚታሰርበት ዳሌ ላይ አይደለም፣ ወደ ላይ፣ እምብርት አካባቢ ነው። ብዙ ሰው እሱን ሳያውቅ ዝቅ አድርጎ ይታጠቅና ጫፉ ጉልበቱን ይሸፍናል፣ ያኔ ነው እውነትም ቀሚስ የሚመስለው። ልኩ የጉልበት መሀል ነው፣ ትንሽ ከፍ ቢልም ይሆናል። ተንበርከክ፤ ጫፉ መሬት ከነካ ረዝሟል። ዘለበቶቹ የሚሰጡህ ጥቂት ጣት ነው፣ ወገብህ ከሙሽራው በጣም ከተለየ አሁኑኑ ንገረው። ሽንሽኑን ግን ማንም ሰፊ እንዲፈታው አትፍቀድ፣ እኔንም ጨምሮ። ሙሉው ኪልት 7 ሜትር ከምናምን ጨርቅ ነው፣ ሥዕሉ ከኋላ ሲሸነሸን መስመሩ እንዲገጥም ተደርጎ ነው የተሰፋው።

ሽንሽኑ ከኋላ፣ ጠፍጣፋው ከፊት። ጫፉ በቀኝ በኩል ይዘጋል። ሙሽራው ፒን ከሰጠህ ከታች በቀኝ ጥግ፣ የላዩን ጨርቅ ብቻ ውጋ። ሁለቱን ጨርቅ አንድ ላይ ከወጋህ ስትቀመጥ ይቀደዳል። ፒኑ ክብደት ነው እንጂ መቆለፊያ አይደለም።

ካልሲውን የኳስ ካልሲ አታድርግ፣ ያብለጨልጫል፣ ይንሸራተታል። ሹራብ የሚሠሩ ሴቶች ዘንድ በጥቁር አረንጓዴ የሱፍ ክር አሠራ።

ወደ ኩታው። እኔ ይደረብ ባይ ነኝ፣ ግን ጥለቱ ወሳኝ ነው። ኪልቱ ራሱ ሰማያዊና አረንጓዴ መስመር ሞልቶበታል፤ ሰፊና ባለብዙ ቀለም ጥለት ከጨመርክበት ዓይን የሚያርፍበት ያጣል። ጥለቱ ቀጭን፣ አንድ ቀለም፣ ብትችል ጥቁር አረንጓዴ ይሁን። ከጃኬቱ ላይ በአንድ ትከሻ ጣል። ከረባቱም ያለምንም ሥዕል። ስፖራኑም ተራ። ኪልቱ ብቻ ይታይ፣ ሌላው ሁሉ ዝም ይበል።

ከዳንግላ_ግላስጎው፦

በኩታው አልስማማም፣ ይቅርታ። ስትገባና ስትወጣ፣ ፎቶ ስትነሳ ይሁን። ስትጨፍር ግን ትከሻህ ላይ ጃኬት፣ ሰደርያ፣ ኩታ፤ ከወገብ በታች ወፍራም ሱፍ። ትቀልጣለህ። ለሆነ ሰው አቀብለው።

እቴ_የማርቆስ፦

ማርቆስ እኮ ነው ያለው፣ ባሕር ዳር አይደለም 😂 በጥር ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ጋቢ ራሱ አይበቃም፣ እግሩ ነው የሚያሳዝነኝ። ካልሲው ወፍራም ይሁን፣ ኩታውም ይኑር።

የጣና_ዳር_ልጅ፦

እሺ፣ ኩታ ለመግቢያና ለብርዱ፣ ለጭፈራው አይኖርም። ትዊዱን ቅዳሜ ሳልባጅ እፈልጋለሁ። @መርፌና_ክር ካገኘሁ በታኅሣሥ ይዤልህ ልምጣ፣ ኪልቱም ላይ እያየህ እንድትቆርጠው። ግን ኪልቱን በመኪና እንዴት ነው የማጓጉዘው? 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ሻንጣ ውስጥ ተጨማዶ እንዳይደርስ።

መርፌና_ክር፦

አትጠፈው። ጠረጴዛ ላይ ዘርጋው፣ ሽንሽኑን አስተካክልና በረጅም ስፌት ጫፍ ጫፉን በክር ያዘው፣ ስትደርስ የሚፈታ። ከዚያ ከአንዱ ጎን ጀምረህ እንደ ሰሌን ጠቅልለው፣ ትራስ ልብስ ውስጥ ክተተው። ስትደርስ ዘለበቶቹ ባሉበት በኩል ማንጠልጠያ ላይ ስቀለው፣ ሌሊቱን ይረፍ። ካውያ ካስፈለገ ላዩ ላይ እርጥብ ጨርቅ አድርገህ፣ ተጭነህ አንሳ እንጂ አትጎትተው። ደግሞ ሙሽራውም የራሱን እንደዚያው ያድርግ፣ ሁለታችሁ ጎን ለጎን ስትቀመጡ ያንዱ ተጨማዶ ያንዱ ተስተካክሎ እንዳይታይ።