«ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» በትክክል ምን ማለት ነው?

ሐረግ መዛዥ፦ ሰላም ለቤቱ። በዳግማዊ ምኒልክ ማኅተም ላይ ያለውን ይህን ሐረግ ሁሉም «አሸናፊው የይሁዳ አንበሳ» እያለ ይተረጉመዋል። «ነገሥታቱ የይሁዳ ዘር ለመሆናቸው ማኅተሙ ራሱ ምስክር ነው» የሚሉም አሉ። ግዕዙ ይህን ይሸከማል?

የኔታ ግዕዝ፦ አይሸከምም። ችግሩ ያለው መጀመሪያው ቃል ላይ ነው። «ሞአ» ግሥ ነው፤ ቀተለ ገደለ እንደሚል፣ ሞአ ድል ነሣ ይላል። «አሸናፊው» ለማለት ቢፈለግ «መዋኢ» ይባል ነበር። ስለዚህ ሐረጉ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከይሁዳ ነገድ የሆነው አንበሳ ድል ነሣ»። ቃሉ የተወሰደው ከዮሐንስ ራእይ 5፥5 ነው፤ እዚያ ደግሞ አንበሳው ክርስቶስ እንጂ ምድራዊ ንጉሥ አይደለም።

ማኅተሙን በተራ አንብበው። መጀመሪያ «ሞአ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ»፣ ቀጥሎ «ዳግማዊ ምኒልክ»፣ ከዚያ «ሥዩመ እግዚአብሔር ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ»። ከስሙ በፊት ያለው የእምነት አዋጅ ነው፤ የንጉሡ ማዕርግ የሚጀምረው ከስሙ በኋላ ነው። «ሥዩም»ንም «የተቀባ» የሚሉት ይሳሳታሉ። የተቀባው «ቅቡዕ» ነው። ሥዩም ከ«ሤመ» የመጣ ነው፤ የአማርኛው «ሾመ» ወንድሙ ነው። በቀጥታ ሲፈታ «የእግዚአብሔር ሹም» ማለት ነው።

አቡጊዳ፦ በየኔታ ላይ ልጨምር። «ሞአ» በአክሱም ድንጋይ ላይም አለ። ዔዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው የግዕዝ ጽሑፍ ራሱን «ወልደ ማሕረም ዘኢይትመዋእ ለፀር» ይላል፤ በጠላት የማይሸነፍ የማሕረም ልጅ። ማሕረም የጦር አምላክ ነው፤ በግሪክኛው ጽሑፍ አሬስ ተብሎ ተተክቷል። «ይትመዋእ» የዚያው የሞአ ተደራጊ ነው። በኋላ በሰማይ አምላክ ስም ባስቀረጸው ጽሑፍ ማሕረም ወጥቶ አባቱ እለ ዓሚዳ ይተካል፤ «ዘኢይትመዋእ ለፀር» ግን እንዳለ ቀረ። በሁለቱም ላይ ሰሎሞን የለም። የ4ኛው መቶ ዘመን ንጉሥ የሚኮራበት ዘር ሌላ ነበር ማለት ነው።

ሐረግ መዛዥ፦ እንግዲያ የሰሎሞን ነገር ከየት ገባ? «ምኒልክ» የሚለው ስምስ? «ምን ይልክ» ከሚለው መጣ ሲባል እንሰማለን። «ቤን መሌክ» ነው፣ ዕብራይስጥ ነው የሚሉም አሉ።

አቡጊዳ፦ «ምን ይልክ» በአማርኛ ዘመን የተፈጠረ ፍቺ ነው። ማረጋገጫው እዚያው ቃሉ ውስጥ አለ፦ በግዕዝ «ምን» «ምንት» ነው፣ «ላከ»ም «ለአከ» ነው። በጥንቱ ዘመን ተጠይቆ ቢሆን «ምንተ ይልእክ» ይባል ነበር፤ ያ ደግሞ ምኒልክን አይወልድም።

ክብረ ነገሥት የሰሎሞንንና የንግሥተ ሳባን ልጅ፣ ቀዳማዊ ምኒልክን፣ «በይነ ልሕክም» ይለዋል። በግዕዝ «በይነ» «መካከል» ወይም «ስለ» ነው፤ ለሰው ስም ትርጉም አይሰጥም። ፊደሎቹን በዐረብኛ አሰልፋቸው፦ ብን፣ አል፣ ሐኪም። «የጠቢቡ ልጅ»፤ ጠቢቡ ሰሎሞን ነው። «ል» የዐረብኛው መስተአምር «አል» ቅሪት ነው፣ ሐውም ሳይለወጥ ተቀምጧል። የመጽሐፉ መዝጊያ ጽሑፍ ራሱ ከቅብጥ ወደ ዐረብኛ፣ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ ተተረጎመ ስለሚል ከዚህ ጋር ይስማማል። ግዕዙ በአፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን (1314–1344 እ.ኤ.አ.) በንቡረ እድ ይስሐቅና በጓዶቹ ተሠራ። ቅብጡ ግን እስካሁን ለዓይን አልታየም።

ከበይነ ልሕክም ወደ ምኒልክ መሻገሩ ላይ ነው ነገሩ የሚያስቸግረው። «ብን» ወደ «ምን» መዞሩ አያስገርምም፣ ሁለቱም የከንፈር ድምፆች ናቸው። የሐ መጥፋትም ይታመናል። መጨረሻው «ም» የት ገባ? «ብን አል መሊክ» (የንጉሥ ልጅ) ከሆነ መጨረሻው ይስተካከላል፣ መሐሉ ላይ ግን አንድ መ ይተርፋል። «ቤን መሌክ»ም ያው ነው። ከሦስቱ ለእኔ የዐረብኛው «ብን አል ሐኪም» መንገድ ያመዝናል፤ ሁለት ፊደል ያለ ማብራሪያ እየጣሉ «ተረጋገጠ» ማለት ግን አይቻልም።

የላስታ ልጅ፦ ስለ ዛጔ ማንም አላነሳም። ያው መዝጊያ ጽሑፍ ዐረብኛው በ409 ዓመተ ምሕረት (በዛሬው ዓ.ም. ሳይሆን በዚያ ዘመን አቆጣጠር፤ 1225 እ.ኤ.አ.) ተሠርቶ ወደ ግዕዝ ያልተመለሰበትን ምክንያት ይናገራል፦ ጊዜው የዛጔ ነበር፣ መጽሐፉ ደግሞ እስራኤላዊ ሳይሆኑ የሚነግሡትን ሕግ ተላላፊ ይላቸዋል። በ1270 እ.ኤ.አ. ይኩኖ አምላክ ሲነግሥ ያ ዓረፍተ ነገር ለማን እንደጠቀመ ግልጽ ነው። በላስታ በኩል ደግሞ ዘራቸውን ከሙሴ ኢትዮጵያዊት ሚስት (ዘኍልቍ 12፥1) የሚቆጥር ትውፊት አለ። በዘር ክርክር ባዶ እጁን የመጣ የለም።

ስሙን በተመለከተ «ዘ» እና «አገው» የሚለው መጀመሪያውን «ዛ» በደንብ ይፈታል፤ «ገው» ግን ወደ «ጎ» ነው የሚሄደው፣ «ጔ» አይሆንም። «ዘጐየ»፣ የሸሸው፣ የሚሉት መጨረሻውን ይፈታሉ፣ የመጀመሪያውን «ዛ» አይፈቱም። እኔ ወደ አገው አደላለሁ፤ ታሪኩም ያግዘዋል።

ሐረግ መዛዥ፦ የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ከቀዳማዊ ምኒልክ ጀምሮ «ሳይቋረጥ» የሚወርድ ትውልድ ይላል። ከዛጔ ጋር አይጋጭም?

የኔታ ግዕዝ፦ ቃሉን ለይተህ ያዝ፣ ልጄ። አልጋው ተቋረጠ፤ ሕጉ ግን ያልተቋረጠው ዘሩ ነው ይላል። ሕጉ የሚቆጥረው ከሣህለ ሥላሴ ዘ ሸዋ ነው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐረግ ደግሞ ወደ እሱ የሚደርሰው በራስ መኰንን እናት በወይዘሮ ተናኘወርቅ ነው። የውጭ ጸሐፊዎች ይህን «በሴት በኩል ነው» ብለው እንደ ጉድለት ያዩታል። በእኛ አቆጣጠር ግን ዘር በአባትም በእናትም ይቆጠራል። ርስትም በሁለቱ ወገን ነበር የሚጠየቀው፤ ሰባት ቤት ሲቆጠርም የእናት ወገን አይዘለልም። ቀዳማዊ ምኒልክ ራሱ ኢትዮጵያን ያገኘው በእናቱ አይደል?

የላስታ ልጅ፦ ቴዎድሮስን «የኮሶ ሻጭ ልጅ» ያሉትም እናቱን ይዘው ነው። ስድቡ የሚሠራው የእናት ወገን ስለሚቆጠር ነው።

ሐረግ መዛዥ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። «ሞአ» ነው ወይስ «ሞዓ»? በዘውዱ ዘመን የታተሙት ብዙዎቹ በዓይኑ ዓ ናቸው።

የኔታ ግዕዝ፦ ሥሩ መውአ ነው፣ በአልፉ አ። መዊእ፣ መዋኢ፣ ተመዋኢ ሁሉም በአልፍ ይጻፋሉ። አማርኛ ሁለቱን ድምፅ ስላደባለቃቸው ነው ዓይኑ የገባው። የቆየ ማኅተም የምትገለብጥ ከሆነ እንደታተመ ተወው፤ አዲስ የምታስቀርጽ ከሆነ «ሞአ» በል።