ኢያጎ ኦቴሎን ከቅናት የሚያስጠነቅቀው ለምንድን ነው?

ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሼክስፒር «ኦቴሎ» ሦስተኛ ገቢር፣ ሦስተኛ ትዕይንት ላይ ተቸገርሁ። ኢያጎ የጌታውን የጦር አዛዡን የኦቴሎን ልብ በቅናት ሊያቃጥል ተነሥቶ ሳለ፣ መልሶ «ጌታዬ፣ ከቅናት ተጠንቀቅ፤ ዐይነ አረንጓዴ አውሬ ነው» ይለዋል። የራሱን ሴራ አያፈርስበትም? ሰኞ ለክፍል ጓደኞቼ ማስረዳት አለብኝ።

ጡረተኛው መምህር፦
የኦቴሎን መልስ እይ። «ኑሮዬን በቅናት የማሳልፍ ይመስልሃል?» ብሎ ይቆጣና ሳላይ አልጠራጠርም፣ ከተጠራጠርሁ ግን ማስረጃ እሻለሁ ይላል። ኢያጎ የፈለገው ይህንኑ ነው። ወዲያው «እንግዲያስ ሚስትህን ከካሲዮ ጋር ስትሆን አስተውላት» ይለዋል፤ ካሲዮ የኦቴሎ ምክትል ነው። ኢያጎ የሐሰት ማስረጃ የሚያደርገው የኦቴሎ ሚስት የዴዝዴሞና መሐረብ የሚመጣው ኋላ ነው፤ ቦታው ግን እዚህ ተዘጋጀለት። የጥቅሶቹ አማርኛ የራሴ ነው፤ የጸጋዬ ገብረ መድኅንን ትርጉም ካገኘሽ አስተያዪው።

መድረክ ወዳድ፦
ከምክሩ በፊት ያለውን አትዝለዪ። ካሲዮ ከዴዝዴሞና ዘንድ ሲወጣ ኢያጎ «ይህስ ደስ አላለኝም» ብሎ ያጉተመትማል። «ምን አልህ?» ሲባል «ምንም፣ ጌታዬ»። ቀጥሎ ኦቴሎ ስለ ካሲዮ «ታማኝ አይደለምን?» ሲል «ታማኝ፣ ጌታዬ?» ብቻ ብሎ ይመልሳል። ኦቴሎ ራሱ እንደ ገደል ማሚቶ ቃሌን ትመልስልኛለህ ብሎ ያማርራል! እኔ ይህን ክፍል ስለማመድ መጀመሪያ ድምፄን አጎርንኜ እንደ ክፉ ሰው ተናገርሁት፤ ፈጽሞ አልሆነም። ሁሉም «ሐቀኛው ኢያጎ» የሚለው ሰው መናገር የከበደው መስሎ መታየት አለበት።

አንባቢ፦
በሁለቱም እስማማለሁ፤ ነገር ግን ብልጠቱን ብቻ አናድንቅ። «የአገራችንን ጠባይ አውቃለሁ» እያለ የቬኒስን ሴቶች ሲያማ፣ ኦቴሎ ባዕድ መሆኑን እየነካበት ነው። «አንተን ስታገባ አባቷን አታልላለች» የሚለውንም አልፈጠረውም፤ አባቷ በመጀመሪያው ገቢር በሹማምንቱ ፊት የተናገረው ነው። ደግሞ ለካሲዮ በሁለተኛው ገቢር ዝና ከንቱ ነው ብሎት፣ ለኦቴሎ መልካም ስም የነፍስ ጌጥ ነው ይለዋል። የቱን እንደሚያምንበት አትፈልጊ፤ ለማን እንደተናገረው ጠይቂ።

ተማሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ። የገደል ማሚቶውን ክፍል ከእኅቴ ጋር ጮክ ብለን አነበብነው። ሁለተኛው «ታማኝ?» ላይ ስደርስ ጽሑፉን አስቀምጣ «ቆይ፣ ካሲዮ ግን ምን አድርጎ ነው?» አለችኝ።