የእናቴን ኢንሱሊን ሳይወደድ ገዝቼ ላስቀምጥ?

የሳቢያኗ፦ ሰላም የድሬ ልጆች። እማዬ ዓይነት 2 ስኳር አለባት። ሜትፎርሚን ትውጣለች፣ ማታ ኤንፒኤች የሚባለውን የኢንሱሊን ዓይነት በስሪንጅ ትወጋለች። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ዋጋው አላስቀመጠንም። ጎረቤት «ገና ይወደዳል፣ አሁኑኑ ገዝተሽ አስቀምጪ» ይላል። ሌላው «ኦዘምፒክ (ያ አዲሱ የስኳር መርፌ) ሊረክስ ነው፣ ኢንሱሊን ይቀርላታል» ይላል። ጅቡቲ ያለው ወንድሜ ደግሞ በብዕር (እስክሪብቶ በሚመስል መርፌ) የሚወጋውን ኢንሱሊን ልላክ ብሏል። ምን ይሻለኛል?

ፋርማሲስቱ፦ እህቴ፣ ክኒኑንና ኢንሱሊኑን ለያይተሽ እዪው። ሜትፎርሚን ብዙ ፋብሪካ የሚያመርተው የቆየ መድኃኒት ነው። ሐኪሟ መጠኑን የማይቀይር ከሆነ የሁለት ሦስት ወር መግዛት ችግር የለውም፣ የሚያበቃበትን ቀን ብቻ እዪ።

ኢንሱሊን ግን አይከማችም። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ወደ በረዶ ከተቀየረ ደግሞ ይጣላል። የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች አራት ሳምንት ያህል ነው የሚቆየው። በግንቦት የድሬ ቤት ውስጥ 30 ዲግሪ የት ይገኛል? መብራት ደጋግሞ የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ያከማቸሽው ሁሉ አንድ ላይ ይበላሻል። ክፋቱ፣ ሙቀት የመታው ኢንሱሊን መልኩ ሳይቀየር ጉልበቱ ሊያልቅ ይችላል። ስኳሯ ይወጣል፣ እናንተ ምግቡን ትወቅሳላችሁ። ከያዘችው ሌላ አንድ መጠባበቂያ ይበቃል።

ጀጎል ሰፈር፦ አቦ፣ እኛ ሐረር ብርድ አለ ብለን እንኮራለን፣ ፍሪጅ ግን እኛም እንፈልጋለን። የአባቴን የተከፈተ ብልቃጥ በላስቲክ ጠቅልለን፣ በእርጥብ አሸዋ መሃል በተቀመጠ ሸክላ ውስጥ እናኖረዋለን። ለተከፈተው ይረዳል። ላልተከፈተው ግን ፍሪጅን አይተካም፣ እንዳትሞኙ።

ከዚራ፦ የኦዘምፒኩ ወሬ መሠረት አለው። ኦዘምፒክ ውስጥ ያለው መድኃኒት ሴማግሉታይድ ይባላል፤ በህንድ የእሱ ፓተንት (ብቻ የማምረት መብት) የሚያበቃው በ2026 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከዚያ የህንድ ፋብሪካዎች የራሳቸውን ያመርታሉ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2025 እ.ኤ.አ. በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ግን ህንድ ላይ ረከሰ ማለት መጋላ ፋርማሲ ላይ ረከሰ ማለት አይደለም። በመሃል ምዝገባ አለ፣ አስመጪ አለ፣ ዶላር አለ፣ ኦዘምፒኩ ራሱም ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ኢንሱሊን ይቅር የሚለው ደግሞ ሐኪም እንጂ ገበያ አይደለም። በቴሌግራም የሚሸጠውን አትንኩ፤ ሐሰተኛ ኦዘምፒክ እንዳለ የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. አስጠንቅቋል።

ብዕሩን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን አልጀምረውም። በዚያው ዓመት ኢንሱሊን አምራቹ ኖቮ ኖርዲስክ ለደቡብ አፍሪካ መንግሥት ጤና ተቋማት «የሰው ኢንሱሊን» የሚባለውን (ኤንፒኤችም ከዚሁ ወገን ነው) በብዕር ማቅረቡን አቁሟል። የሰጠው ምክንያት የማምረት አቅም ውስንነት ነበር። ታማሚው ወደ ስሪንጅ ተመለሰ። እማማ ስሪንጁን ከለመዱት ምን አስቸኮላችሁ?

የሳቢያኗ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ወንድሜ የግድ አንድ ነገር ልላክ ካለስ? የስኳር መለኪያ ይሻላል?

ፋርማሲስቱ፦ መለኪያው ርካሽ ነው፣ ገንዘብ የሚበላው ስትሪፑ (የደም ጠብታ የሚነካው ቁራጭ) ነው። የአንዱ መለኪያ ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም። መጀመሪያ ድሬ ላይ የማይጠፋው የየትኛው ስትሪፕ እንደሆነ ሁለት ሦስት ፋርማሲ ጠይቂ፣ ከዚያ የእሱን መለኪያ ይላክ። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ካላችሁ ደግሞ ምን እንደሚሸፍን ጤና ጣቢያው ላይ አጣሪ።

ጀጎል ሰፈር፦ ስትሪፑም ሙቀት አይወድም። ክዳኑን ከድናችሁ ያዙት፣ መስኮት ላይ አታስቀምጡ።